435 ፈረስ በአራት ጫማ፦ ለአዳማው ሙስታንግ ጎማ ወይስ ጉልበት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ የአዳማ ወጣት እ.ኤ.አ. የ2016 ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ገዝቷል። ባለ 5.0 ሊትር ቪ8 ነው፤ ካምቢዮው ማንዋል። ከፋብሪካ የመጣበት ባለ 18 ኢንች ቸርኬ አሁንም አለ። ጎማው 235/50 አር 18 ሲሆን የኋላዎቹ አልቀዋል። «ባለፈው ዝናብ ከመብራት ስነሳ ኋላው ዞረብኝ። አንድ ባጃጅ ለጥቂት ነው የተረፈው» ይላል። አሁን ያገለገለ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ከነጎማው የሚሸጥለት ሰው አግኝቷል። አየር ማስገቢያውንና ማርሚታውን መቀየርም ይፈልጋል፤ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ሱፐርቻርጀርም በሐሳቡ አለ። «ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ እንኳን ባጃጁ ተረፈ። አንተም እንኳን ተረፍክ።

እኔ አዳማ ውስጥ ከጎማና ከእግር ሥራ ጋር ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ብዙው ሥራዬ ቪትዝ፣ ኮሮላና አይሱዙ ነው። እንዳንተ ያለ መኪና ግን አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሲመጣም ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ ሞተር ነው። ጎማው የሚነሳው በመጨረሻ፣ ብሩ ካለቀ በኋላ ነው። የከተማችን ባለጋሪ እንኳ ፈረሱ ሲያነክስ መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው። ገብስ አይጨምርለትም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ሞተርህ ከፋብሪካ ሲወጣ 435 የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ ግን በባሕር ወለል ከፍታ የሚገኝ ቁጥር ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦም ሆነ ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ እዚህ የምትነዳው ወደ 360 ፈረስ ነው። አዲስ አበባ ስትወጣ ደግሞ ወደ 335 ይወርዳል። አይክፋህ፤ ለጎማህ ይኼም ከበቂ በላይ ነው።

መኪናህ 1,680 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቆሞ ሳለ የኋላ ጎማዎቹ ከ800 ኪሎ ትንሽ ያነሰ ይሸከማሉ። ሲፈተለክ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚጫን ወደ 1,000 ኪሎ ይጠጋል። ጥሩ የመንገድ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ የሚቋቋመው ግፊት ከተሸከመው ክብደት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ 1,000 ኪሎ ያህል ግፊት ይይዝልሃል እንበል። ሞተርህስ? በአንደኛ ማርሽ፣ ከፍታው የቀነሰውንና ካምቢዮና ዲፈረንሻል የሚበሉትን አውጥተን እንኳ ከ1,300 ኪሎ በላይ ይገፋል። በደረቅ መንገድ፣ በአዲስ ጎማ እንኳ ሞተሩ ጎማውን ያሸንፈዋል ማለት ነው።

አሁን ዝናብ ጨምርበት። ደህናው ጎማ እንኳ በእርጥብ አስፋልት ላይ የሚይዝልህ ከዚያ ያነሰ ነው። ያለቀው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ኋላው የዞረብህ ለዚህ ነው። ሱፐርቻርጀር ብትጨምርበት የምታገኘው ፍጥነት ሳይሆን ጭስ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄህ ቀጥተኛው መልስ፦ ከጎማ ጀምር። አራቱንም። ባለ 20 ኢንቹንም ተወው።

ይህን ስል ፊትህ ሲጠቁር ይታየኛል። ትልቅ ቸርኬ ያምራል፤ አልክድህም። ግን ሒሳቡን ተመልከት። ሻጩ ያቀረበልህ የፊቱ ጎማ 255/35 አር 20 ነው ብለሃል። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ነው፣ ከስፋቱ በመቶኛ። የ255 35 በመቶ 89 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን ባለህ 18 ኢንች ቸርኬ ላይ 255/45 ብታስገባ ጎኑ 115 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሁለቱ ጎማዎች ጠቅላላ ቁመት ደግሞ አንድ ነው፤ ሁለቱም 687 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው። ስለዚህ መኪናው አልረዘመም። ብረቱ ጨመረ፣ ላስቲኩ ቀነሰ፤ ልዩነቱ ከላይም ከታችም 26 ሚሊ ሜትር ነው።

ያቺ ሁለት ጣት የማትሞላ ላስቲክ ናት በጉድጓድና በቸርኬህ መካከል የቆመችው። በከተማችን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ስትነዳ፣ ጠርዙ የተቆረጠ አስፋልት ስትወጣ፣ ማንም ቀለም ያልቀባው ጉብታ ማታ ሲያጋጥምህ ዋጋዋ ይገባሃል። ቀጭን ጎን ያለው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ በብረትና በድንጋይ መካከል ይቆነጠጣል። ውስጡ ያለው ክር ይበጠስና ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያብጣል። ያበጠ ጎማ አይጠገንም፤ ይጣላል። ያገለገለ ባለ 20 ቸርኬ ስትገዛ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጣሞ የተቃናውን እየገዛህ ሊሆን ይችላል። ባላንስ ማሽን ላይ አስገብተህ ሳታዞረው ብር አትክፈል። እኔ ግን ጭራሽ አትግዛው ነው የምልህ። ትልቅ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል። ከሞላ በታች የተንጠለጠለ ክብደት ሲጨምር ጎማው ጎርባጣ መንገድ ላይ ይዘላል። ዘሎ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ምንም አይዝም።

እኔ ብሆን የማስገባው 255/45 አር 18 ነው፣ አራቱንም አንድ ዓይነት። ያንተ ቸርኬ ስፋቱ 8 ኢንች ነው፤ 255 ጎማ በዚያ ላይ ልክ ይቀመጣል። ቁመቱ ከፋብሪካው ጎማ በ1 በመቶ እንኳ ስለማይለይ የፍጥነት ቆጣሪህ አይዋሽም። 275 ልጨምርበት ካልክ ግን 8 ኢንች ይጠበዋል። ጎማው መሐሉ አብጦ፣ ጠርዙ ከመሬት ተነስቶ ይቀመጣል። ስፋት ገዝተህ አታገኘውም። አንድ ቀን 9.5 ኢንች ስፋት ያለው ባለ 18 ቸርኬ ካገኘህ የኋላውን 275 አድርገው፤ ያኔ እኔም አብሬህ ደስ ይለኛል። እስከዚያ አራቱም እኩል ሲሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ የኋላው ቶሎ ሲበላ ከፊቱ ጋር ታለዋውጠዋለህ።

ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ አዲሶቹ ከኋላ ይሁኑ። ለማንኛውም መኪና እንዲሁ ነው፤ ላንተ ግን ትእዛዝ ነው።

የጎማው ዓይነትስ? ኢንተርኔት ላይ አሜሪካኖች ለሩብ ማይል ውድድር የሚያስገቡትን ድራግ ጎማ አይተህ ይሆናል። በደረቅ መንገድ እንደ ሙጫ ይይዛል። ጥርሱ ግን ጥልቀት የለውም። ሐምሌ ላይ ውኃ በተኛበት መንገድ እሱን ይዘህ ከምትወጣ ባጃጁን ብትሳፈር ይሻልሃል። በሌላ በኩል «100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ተብሎ የሚሸጥ ደረቅ ላስቲክም ላንተ አይሆንም። ቶሎ የማያልቅበት ምክንያት መሬቱን አጥብቆ ስለማይዝ ነው። ላንተ የሚሆነው በሁለቱ መሐል ያለው ነው። የስፖርት የበጋ ጎማ ይሉታል።

የበጋ ሲባል ለፀሐይ ብቻ ማለት አይደለም። ዝናብ ላይም ጎበዝ ነው። የሚፈራው ብርድን ነው፤ ከ7 ዲግሪ በታች ላስቲኩ ይደርቃል። አዳማ ላይ ይኼ ስጋት አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ሰው በዓመት ሁለቴ ጎማ ይቀይራል፤ እኛን እግዜር ከዚህ ወጪ አድኖናል።

የጎማውን ጎን ማንበብ ልመድ። ከአምራቾቹ ብዙዎቹ ሦስት ነገር ይጽፉበታል። አንደኛው ትሬድዌር የሚባል ቁጥር ነው። ከ300 አካባቢ ጀምሮ እስከ 400 ያለው ለአንተ ደህና ነው። 200 ከሆነ ይዞታው ግሩም፣ ዕድሜው አጭር ነው። 600 ከሆነ ለቤተሰብ መኪና ተወው። ሁለተኛው ትራክሽን ነው፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ያለውን ይዞታ ይነግርሃል። ድርብ ኤ ወይም ቢያንስ ኤ ይሁን። ሦስተኛው የሙቀት ደረጃ ነው፤ እሱም ኤ ይሁን። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ ቀትር ላይ አስፋልቱ እንቁላል ይጠብሳል።

ከመጠኑ ቀጥሎ ደግሞ እንደ 99 ዋይ ያለ ጽሑፍ ታያለህ። 99 ማለት አንዱ ጎማ 775 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ፊደሉ ፍጥነቱ ነው፦ ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብልዩ 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። «እኔ 300 የት እነዳለሁ?» ትል ይሆናል። አትነዳም። ግን ፍጥነቱ ከፍ ብሎ የተመዘነ ጎማ ሙቀት ይችላል። ከደብልዩ አትውረድ።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይብህ ነው፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ የተቀጣሁበት ጉዳይ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ ጥርሱ የሞላ፣ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ጎማ ይዞ መጣ። በርካሽ አገኘሁት አለኝ። እኔም ጥርሱን አይቼ፣ «ይኼማ አዲስ ነው» ብዬ ገጠምኩለት። ቀኑን አላየሁም። በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ፈጣኑ መንገድ ላይ የኋላ ግራው ፈነዳ። እግዜር ረድቶት መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰውየው አልተሳደበም። የተበጣጠሰውን ጎማ አምጥቶ በሬ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ሳገላብጠው 9 ዓመት የሞላው ነበር። መጋዘን ሲያረጅ ኖሮ፣ ማብሪያ ቀለም ተቀብቶ ነው የመጣው። ጎማውን ለሁለት ዓመት አልጣልኩትም፤ ደንበኛ ሲከራከረኝ አውጥቼ አሳየው ነበር።

ስለዚህ ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ፈልግ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አራቱም አኃዞች የሚጻፉት በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ካጣኸው አዙረህ እይ። ለቪትዝ ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ ጎማ ቢገዛ ብዙም አልከራከርም። ላንተ ከሁለት ዓመት ያለፈውን አልገጥምልህም። ያገለገለውንማ ጨርሶ። ጣትህን ጥርሱ መካከል አስገብተህ ላስቲኩን ጎንበስ አድርገህ እየው። እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅጥቅ ካለ ትተህ ውጣ።

ዝናቡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ጎማ ውኃ ላይ መቼ እንደሚንሳፈፍ ሲያጠኑ ያገኙት ቀመር አለ። ጎማው ያለቀ ከሆነ መንሳፈፍ የሚጀምርበትን ፍጥነት በውስጡ ካለው የአየር ግፊት ማስላት ይቻላል። በ32 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ አየር የሚለካበት ነው) ሲሰላ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ፈጣኑ መንገድ ላይ በዚህ ፍጥነት የሚሄደውን ሁሉ ዘወር ይበል የምትል ይመስለኛል። የጎማ ጥርስ ሥራው ውኃውን ወደ ጎን ማስወጣት ነው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ አለው። ጥርሱ መካከል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው፤ ያኔ ጎማው ሞቷል። አንተ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቀይር። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ደግሞ ተጠንቀቃቸው። ወራት የተጠራቀመ አቧራና ከከባድ መኪኖች የሚንጠባጠብ ዘይት ከውኃው ጋር ሲላወስ መንገዱ ሳሙና ይሆናል።

ለመሆኑ መኪናህ የዝናብ ሞድ እንዳለው ታውቃለህ? ዳሽቦርዱ መሐል ካሉት ትናንሽ ማብሪያዎች አንዱ የመንዳት ሁኔታን ይቀይራል፤ ስኖው/ዌት የሚል አለው። በረዶ ባይኖረንም እሱን ተጠቀም። ነዳጅ ስትረግጥ ሞተሩ ረጋ ብሎ ይመልስልሃል። የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን ጓደኛ ለማሳየት ብለህ አታጥፋ። ያን ቀን ጠፍቶ ነበር ብዬ ብጠረጥርህ አትቀየመኝ።

ጎማው ሲገጠም አጠገቡ ቁም። ሦስት ነገር ጎሚስታውን አሳስብ። ቸርኬው ውስጥ የአየር መለኪያ ሴንሰር አለ፤ ከቫልቩ ጀርባ። ሳያውቅ በብረት ከፈነቀለ ይሰብረዋል። የመኪናህን ዕድሜ ሳስብ የሴንሰሩ ባትሪም ወደ ማለቁ ነው፤ ጎማው በወለቀበት ይፈተሽ። ሁለተኛ፣ ብዙ የስፖርት ጎማዎች ውጭና ውስጥ አላቸው። «አውትሳይድ» የሚለው ጽሑፍ ወደ ውጭ ይታይ። ሦስተኛው ቡሎን ነው። በአየር መፍቻ ድሪሪሪ አድርጎ መልቀቅ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ያንተ መኪና የሚፈልገው 204 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአሜሪካኖቹ 150 ፓውንድ ጫማ። ጥብቀቱን በሚለካ መፍቻ (ቶርክ ሬንች)፣ በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቁ ይጠበቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። 160 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ተመለስና እንደገና ይታይ።

አየሩን በዓይን አትገምት። ትክክለኛው ልክ የሾፌሩን በር ስትከፍት ዓምዱ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ለካ። ሙቀቱ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በተለወጠ ቁጥር 1 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይለዋወጣል። ቀትር ላይ ከሶደሬ መጥተህ ብትለካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ፤ አታስተንፍሰው። አዲስ አበባ ስትወጣም በከፍታው ምክንያት ብቻ ወደ 1 ፒ.ኤስ.አይ. ይጨምራል። እሱንም ተወው።

ከጎማ ቀጥሎ ፍሬን። የሚይዝ ጎማ ገዝተህ የማያቆም ፍሬን ይዘህ አትዙር። ከሁሉ ርካሹ ነገር የፍሬን ዘይት ነው፤ ብዙ ሰው ግን መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። ዘይቱ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲጠጣ መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ፍሬኑ ግሎ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ቀይረው። የፍሬን ሸራውንም ደህና ዓይነት አድርግለት። የውድድር ሸራ አይደለም፤ እሱ ካልጋለ አይዝም።

ከዚያ እግሩ ይታይ። የኋላ ጎሚኒዎቹ (የእግሩ ማያያዣ ላስቲኮች) ከላሉ መኪናው ሲነሳ ኋላው ይንዘፈዘፋል፤ ሾክ አብዞርበሩ ካለቀም ጎማው መሬቱን ይለቃል። የሚያስፈልገውን ቀይረህ አላይመንት አስመታ። ሞላ ቆርጠው ዝቅ እናድርግልህ የሚሉህን ግን ሽሽ። እንዲህ ተደርጎ የመጣን መኪና ጉብታ ላይ ተንጠልጥሎ ስድስት ሰው ሲያነሳው አይቻለሁ።

አሁን ወደምትወደው ወገን። አየር ማስገቢያው ይቅርብህ። ፎቶ ላይ የሚያምረው ክፍት ፊልተር የተሠራው አቧራ ለሌለበት አገር ነው። አዳማ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በነፋስ መብራት የምታመነጨው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ነፋስ አቧራውንም ይዞት ይዞራል። የተላላ ፊልተር ደቃቁን አሸዋ ካሳለፈ ሲሊንደርህን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። የፋብሪካው የወረቀት ፊልተር በዝግ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። ቶሎ ቶሎ ቀይረው።

ሱፐርቻርጀር ለዚህ ሁሉ የመጨረሻው ነው። ቀበቶ፣ ማቀዝቀዣ፣ ነዳጅ ማስገቢያ፣ ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ሰው። በሰው አገር ቤንዚን ተለክቶ የተላከ ፕሮግራም እዚህ ቢጫን ሞተሩ ያንኳኳል፤ የተንኳኳ ቪ8 ደግሞ ፒስተኑን ነው የሚሰብረው። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የሰበርከውን የምትተካበት ሁለተኛ ሙስታንግ በቀላሉ አይመጣልህም። ይህን ሞተር ጠብቀው።

ማርሚታው? እሱ ጉልበቱን አንተ ሳትሆን ጆሮህ ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው። ድምፁ ግን ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ጎማው፣ ፍሬኑና እግሩ ከተስተካከለ በኋላ ብር ከተረፈህ ቀይረው። ብቻ በኛ ሰፈር ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ አትለፍ፤ ልጅ አስተኝተናል።